ዘጠና ስድስት ጊዜ የተሸነፈው ሻምፒዮን

ባለፈው ሳምንት አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከሥራ መልስ ወደ ቤቴ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ወረቀቱ አንድ የንግድ ድርጅት ያቀረበለት የሥራ ውል ነበረ። ጓደኛዬ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከተቀጠረ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ የማታ ትምህርቱንም ለመጨረስ ሌላ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ድርጅቱ የሚሰጠው ደመወዝ አሁን የሚያገኘውን እጥፍ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ከከተማ ከተማ የሚያዞር ስለ ሆነ የማታው ትምህርት መቋረጡ ነው።

«እንግዲህ አንተ አስተማሪ ነህ፤ ምከረኝ» አለኝ። «እናቴ የምታየው እኔን ነው። ታናናሾቼም ደብተርና ጫማ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለውን ዕድል እምቢ ብል ሞኝነት አይሆንም ወይ?»

ወዲያው መልስ መስጠት አቃተኝ። በሃያ አምስት ዓመቱ የራሱን ኑሮ ገና ያላቃና ሰው ሌላውን ለመምከር ምን ሥልጣን አለው? ስለዚህ በምክር ፈንታ የአንድ ቴኒስ ተጫዋች ታሪክ አጫወትሁት። እርሱ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ «እኔ በዕድሜዬ ራኬት ጨብጬ አላውቅም፤ ቴኒስ ከእኔ ጋራ ምን አገናኘው?» አለኝ። ታሪኩ ሲያልቅ ግን አልሳቀም። እናንተም ከመሳቃችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሪቻርድ ጎንዛሌዝ በ1928 በአሜሪካን አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከሜክሲኮ የመጡ ሰዎች ሲሆኑ አባቱ ቤት እየቀባ ሰባት ልጆች ያሳድግ ነበረ። በዚያን ጊዜ ቴኒስ የሀብታሞች ጨዋታ ነበረ ማለት ይቻላል። የታጠረ ክበብ፥ ነጭ ልብስና ደመወዝ የሚከፈለው አሠልጣኝ ያስፈልገው ነበረ። ልጁ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ብስክሌት ቢለምን፥ እናቱ ካርሜን መኪና እንዳይገጭባት ፈርታ በብስክሌቱ ፈንታ የ51 ሳንቲም ራኬት ገዛችለት። አሠልጣኝ ግን ማን ይቀጥርለታል? ኤክስፖዚሽን ፓርክ በሚባለው የሕዝብ መናፈሻ ሜዳ ዳር ቆሞ ሌሎች ሲጫወቱ እያየ፥ ያየውንም እየደገመ፥ ራሱን በራሱ አስተማረ።

ሰዎች «ፓንቾ» እያሉ ይጠሩት ነበረ። ይህ ስም በዚያ አገር ለማንኛውም የሜክሲኮ ተወላጅ እንደ ዘበት የሚለጠፍ ስም ነበረ። የቤተ ሰቦቹ መጠሪያ ሪቻርድ ሲሆን ዓለም ያወቀው ግን በተለጠፈበት ስም ነው።

ተማሪዎች የሆናችሁ አንባብያን የሚቀጥለውን ነገር ልብ በሉት። ሪቻርድ ከክፍል እየጠፋ ሜዳ መዋል አዘወተረ። በዚያን ጊዜ የደቡብ ካሊፎርኒያን ቴኒስ ይመራ የነበረው ፔሪ ጆንስ «ትምህርት ቤት የማይሄድ ልጅ በውድድር አይገባም» የሚለውን ደንብ አንሥቶ አገደው። እንግዲህ ልጁ ለቴኒስ ሲል ትምህርቱን ተወ፤ ትምህርቱን ስለ ተወም ቴኒሱን ተከለከለ። ሥራ የፈታ ጎረምሳ ደግሞ የሚሄድበት አይታጣም። በአሥራ አምስት ዓመቱ በስርቆት ተይዞ ወደ ወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ገባ። በ1945 በባሕር ኃይል ተቀጠረ፤ እዚያም ጠባዩ አላማረም፤ በ1947 አሰናበቱት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን የሚያስደንቅ ነው። ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር ከዘጠና የሚጠጋው ይህ ወጣት ኳሱን ወደ ላይ ወርውሮ ጨዋታውን የሚያስጀምርበት ምት፥ ሰርቪስ የሚሉት፥ እንደ ጥይት ነበረ። ከባሕር ኃይል በወጣ በማግሥቱ ዓመት፥ በ1948፥ በኒው ዮርክ ፎረስት ሂልስ በሚባለው ቦታ ይደረግ በነበረው የአሜሪካ ሻምፒዮና ገባ። ብዙ ሰው ያልጠበቀው የ20 ዓመት ልጅ በመጨረሻው ግጥሚያ ደቡብ አፍሪካዊውን ኤሪክ ስተርጅስን በሦስት ተከታታይ ዙር አሸንፎ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ።

ሰው ግን ወዲያው አላመነውም። በ1949 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በዊምብልደን ቢጫወት አራተኛውን ግጥሚያ ሳያልፍ በአውስትራሊያዊው ጄፍ ብራውን ተሸነፈ። በዚህ ጊዜ አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ «የአይብ ሻምፒዮን» ሲል ዘበተበት፤ የይስሙላ ነው ማለቱ ነበር። ጓደኞቹም ጎንዛሌዝ የሚለውን ስሙን ጎርጎንዞላ ከሚባለው የኢጣልያ አይብ ጋራ እያጋጠሙ «ጎርጎ» ይሉት ጀመር። ስድብ ተሹሞ ሲቀር እንዲህ ነው።

በዚያው ዓመት በፎረስት ሂልስ ለመጨረሻው ግጥሚያ ሲደርስ የጠበቀው የዚያን ዓመት የዊምብልደን አሸናፊ ቴድ ሽሮደር ነበረ። የመጀመሪያውን ዙር ብቻ 34 ጌም ተጫውተው ጎንዛሌዝ 18 ለ16 ተሸነፈ። ሁለተኛውንም 6 ለ2 ተሸነፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ራኬቱን ባስቀመጠ ነበር። እርሱ ግን የቀሩትን ሦስት ዙሮች 6 ለ1፥ 6 ለ2፥ 6 ለ4 ወሰደና ሻምፒዮንነቱን አጸና። ዕድሜው 21 ዓመት ነበረ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ወረቀት ደረስን፤ ለጎንዛሌዝም ውል መጣለት።

የዚያን ጊዜውን ሥርዓት የማያውቅ አንባቢ እንዳይደናገር ጥቂት ላብራራ። በቴኒስ ዓለም ሁለት ዓይነት ተጫዋቾች ነበሩ። አንደኞቹ አማተር የሚባሉት ናቸው፤ ዋንጫና ክብር እንጂ ደመወዝ አይቀበሉም፤ ቢያንስ በግልጽ አይቀበሉም። ዊምብልደንም፥ ፎረስት ሂልስም፥ አገሮች የሚወዳደሩበት ዴቪስ ካፕም ለእነዚህ ብቻ የተፈቀዱ ነበሩ። ሁለተኞቹ ፕሮፌሽናል የሚባሉት፥ በገንዘብ የሚጫወቱት ናቸው። አንድ ሰው የፕሮፌሽናልነት ውል በፈረመበት ቀን እነዚያ ታላላቅ በሮች ሁሉ ይዘጉበታል። ይህ ልዩነት የተነሣው በ1968 ነው።

ጎንዛሌዝ በዚያን ጊዜ ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዷል። የብር ዋንጫ ደግሞ ወተት አይገዛም። ስለዚህ የጉዞ ውድድር የሚያዘጋጀው የቀድሞው ሻምፒዮን ቦቢ ሪግስ ውል ሲያቀርብለት ፈረመ። ድርሻው ከ70,000 ዶላር በላይ ሆነ፤ ለቤት ቀቢ ልጅ በሕልም እንኳ የማይታይ ገንዘብ ነበር። በአንጻሩ የሚሰለፈው የጊዜው ታላቅ ተጫዋች ጃክ ክሬመር ነው። ክሬመር 28 ዓመቱ ነበረ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ጉዞ ሪግስን ራሱን 69 ለ20 አሸንፎታል።

በጥቅምት 1949 በኒው ዮርክ ጀመሩ። ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ ሌሊት በመኪና እየተጓዙ፥ በየአዳራሹ ሸራ እያስነጠፉ፥ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ይጋጠሙ ነበረ። ጉዞው ሲያልቅ 123 ጊዜ ተጋጥመዋል። ከዚህ ውስጥ ክሬመር 96 ጊዜ አሸነፈ፤ ጎንዛሌዝ 27 ጊዜ።

አንባብያን ሆይ፤ ይህ ለምን ሆነ? የአገሩ ሻምፒዮን የነበረ ሰው እንደዚህ የሚወድቀው እንዴት ነው? ነገሩን ሳስበው እኛንም የሚነካ ምክንያት አገኘሁበት። አማተር አንዱን ተቃዋሚ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢገጥመው ነው። ደካማ ጎኑን በጎበዝ ሰርቪስ ሸፍኖ ያን ቀን ማለፍ ይችላል። በጉዞው ግን ተቃዋሚው ያው አንድ ሰው ነው፤ ትናንትም እርሱ፥ ዛሬም እርሱ፥ ነገም እርሱ። ክሬመር ሰርቪሱን መትቶ ወዲያው ወደ መረቡ እየገሰገሰ፥ ኳሱን ወደ ጎንዛሌዝ ግራ፥ የእጅ ጀርባ ምቱ ወደሚደክምበት ወገን፥ ይልክበት ነበረ። ሰኞ ማታ የተገኘ ጉድለት ማክሰኞ ማታም እዚያው ይጠብቃል።

ፈተና ማለፍና ሥራ መሥራት የሚለያዩትም በዚህ ነው። ፈተና የአንድ ቀን ነገር ነው፤ በአንድ ሌሊት ጥናት ልንወጣው እንችላለን። ሥራ ግን በየቀኑ ያው ጠረጴዛ፥ ያው አለቃ፥ ያው ጉድለታችን ነው። እኔ ራሴ በኮሌጅ ጥሩ ማርክ ይዤ ወጥቼ፥ ማስተማር በጀመርሁ በመጀመሪያው ወር ስልሳ ተማሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ድካሜን በየማለዳው ሲያገኙት ይህን ተረድቻለሁ። ማርኬን የጠየቀኝ አንድም ተማሪ አልነበረም።

ሌላም ምክንያት ነበረ። ክሬመር ሥራው መሆኑን ያውቃል፤ እንቅልፉን፥ ምግቡን፥ ጉልበቱን ይቆጥባል። ጎንዛሌዝ ግን ሲጋራ ያጨሳል፤ በየመንገዱ የተገኘውን ሳንድዊችና ኮካ ኮላ እየበላና እየጠጣ ሜዳ ይገባ ነበረ። በሃያ አንድ ዓመት ዕድሜ ሰውነት የማያልቅ ይመስላል፤ አንድ መቶ ሃያ ሦስት ግጥሚያ ግን ይጨርሰዋል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ጎንዛሌዝ ግን በልቶም ቆጨው። ገንዘቡን በላ፤ ጉዞው ሲያልቅ ግን የተሸነፈውን ሰው እንደገና ለማየት ትኬት የሚገዛ አልተገኘም። ለሚቀጥለው ጉዞ ክሬመር ኢኳዶራዊውን ፓንቾ ሴጉራን ይዞ ሄደ። ጎንዛሌዝ በ22 ዓመቱ፥ ሌላው ሰው ሥራ ፈላጊ በሚሆንበት ዕድሜ፥ ጡረተኛ ሆነ። ወደ ፎረስት ሂልስ እንዳይመለስ በሩ ተዘግቷል። ወደ ጉዞው እንዳይገባ የሚጠራው የለም።

የታሪኩ ቁም ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ስለ ጎንዛሌዝ ሲያወራ የሚጠቅሰው ሽልማቱን ነው፤ እኔ ግን የምወደው እነዚህን ባዶ ዓመታት ነው። በልጅነቱ ቆሞ በሚያይበት በዚያው በኤክስፖዚሽን ፓርክ የቴኒስ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ያዘ። የሌሎችን ራኬት ጅማት ይወጥር ነበረ። አስቡት! ሁለት ጊዜ የአሜሪካ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሌላውን ራኬት ይጠግናል። ደንበኞቹ ምን ብለው ያዩት እንደ ነበር እናንተው ገምቱ።

እጁን ግን ከኳስ አላራቀም። ጥቂት የፕሮፌሽናል ውድድር በተገኘበት ሁሉ ይሄድ ነበረ። በለንደን በዌምብሊ አዳራሽ ይደረግ በነበረው ውድድር በ1950፥ በ1951ና በ1952 በተከታታይ አንደኛ ወጣ። ጋዜጦች ብዙ አላወሩለትም፤ ትልቁ ገንዘብና ትልቁ ወሬ ያለው በጉዞው ነበረና። እርሱ ግን ማሸነፍን የሚማረው ማንም በማያይበት ቦታ ነበረ።

በ1954 ክሬመር ራሱ የጉዞው አዘጋጅ ሆኖ ጎንዛሌዝን ከሌሎች ጋራ ጠራው። ይህን ጊዜ የመጣው ሌላ ሰው ነበረ፤ ሁሉንም አሸንፎ አንደኛ ሆነ። በሚቀጥለው ጉዞ፥ በ1955 መጨረሻ፥ ቶኒ ትራበርት የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ውል ፈርሞ መጣ። ትራበርት በዚያው ዓመት የፈረንሳይን፥ የዊምብልደንንና የአሜሪካን ሻምፒዮና ጠራርጎ የወሰደ ነበረ። ማንን ይመስላል? የ21 ዓመቱን ጎንዛሌዝን ይመስላል። ጎንዛሌዝ በበኩሉ አሁን የክሬመርን ቦታ ይዟል፤ የሰኞን ጉድለት ማክሰኞ የሚያገኘው እርሱ ሆኗል። ጉዞው ሲያልቅ 74 ለ27 አሸነፈው።

የሚገርመው ግን ደመወዙ ነው። ተሸናፊው ትራበርት አዲስና ዝነኛ ስለ ነበረ 80,000 ዶላር ተረጋግጦለት ነበር፤ ለአሸናፊው ለጎንዛሌዝ የተሰጠው 15,000 ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ሥራውን እያወቃችሁ ከእናንተ በላይ ደመወዝ ላለው አዲስ ሰው ሥራ የምታስተምሩ አንባብያን ይህን ስታነቡ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም። ጎንዛሌዝ ግን ፈገግ አላለም፤ በቁጣ ይነድ ነበረ። መልአክ እንዳታደርጉት አደራ! ከዳኞች ጋራ ይጣላል፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ይጓዛል፤ ቂም ይይዛል። ይሁን እንጂ ንዴቱን ይዞ ሜዳ ገባ እንጂ ንዴቱን ይዞ ቤቱ አልተቀመጠም።

በ1958 ሉ ሆድ የሚባለው ብርቱ አውስትራሊያዊ መጀመሪያ 18 ለ9 መራው። ዘጠና ስድስት ጊዜ መሸነፍን የቀመሰ ሰው በ18 አይደነግጥም። ጉዞው ሲያበቃ ውጤቱ ለጎንዛሌዝ 51 ለ36 ሆነ። እንዲህ እያለ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የፕሮፌሽናሎቹ ቁንጮ እርሱ ነበረ።

የዊምብልደን በር ለፕሮፌሽናሎች የተከፈተው በ1968 መሆኑን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። ያን ጊዜ ጎንዛሌዝ ወደ 40 ዓመቱ ደርሶ ነበር። በ1969፥ በ41 ዓመቱ፥ በዊምብልደን ሜዳ ላይ ከ25 ዓመቱ ቻርሊ ፓሳሬል ጋራ ተጋጠመ። የመጀመሪያውን ዙር 24 ለ22 ተሸነፈ። መሸ፤ ኳሱ አልታይ አለ፤ «ይቁም» ብሎ ቢለምን ዳኛው እምቢ አለ፤ ሁለተኛውን 6 ለ1 ተሸነፈ። ተናዶ ሲወጣ ሕዝቡ ጮኸበት። በማግሥቱ ተመልሶ ሦስቱን ዙር 16 ለ14፥ 6 ለ3፥ 11 ለ9 አሸነፈ። በጠቅላላው 112 ጌም፥ ከአምስት ሰዓት በላይ። በመጨረሻው ዙር ፓሳሬል አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቶት የነበረው ሰባት ጊዜ ነው፤ ሰባቱንም ጊዜ ሽማግሌው አመለጠ። ዋንጫውን ግን አላገኘም፤ ለዋንጫው ዕድሜው አልፏል። ፓንቾ ጎንዛሌዝ በ1995 አረፈ፤ የዊምብልደንን የነጠላ ሻምፒዮንነት አንድ ቀን እንኳ ሳያይ።

ጓደኛዬ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳይጠጣ ሰማኝ። ከዚያም «ታዲያ ውሉን መፈረሙ ስሕተት ነበር ትላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም «አይመስለኝም» አልሁት። የድኻ ልጅ ገንዘብ ሲያገኝ ለምን ወሰደ ብሎ መፍረድ ጠግቦ ላደረ ሰው ይቀለዋል። ሚስትና ልጅ ያለው ሰው በክብር ብቻ አያድርም። የጎንዛሌዝ ስሕተት መፈረሙ ሳይሆን ፊርማውን የመንገዱ መጨረሻ አድርጎ መቁጠሩ ይመስለኛል። ሻምፒዮን ስለ ነበረ ተጫዋች ነኝ አለ፤ ተጫዋችነትን የተማረው ግን ከዚያ በኋላ፥ በዘጠና ስድስቱ ሽንፈትና በሱቁ ውስጥ ነው።

ስለዚህ እንደ ጓደኛዬ ያለ ወረቀት በኪሳችሁ የያዛችሁ ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። አንደኛ፤ ስፈርም የሚዘጋው በር የትኛው ነው? እስከ መቼስ ይዘጋል? ለጎንዛሌዝ የተዘጋው ወደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። ሁለተኛ፤ እዚያ ቦታ በየቀኑ የሚበልጠኝ ማን ነው? ሲበልጠኝስ አኩርፌ ፊቴን አዞራለሁ ወይስ እጁን እያየሁ እማራለሁ? ሦስተኛ፤ ዕድሉ ቢያልፍና የሚጠራኝ ቢጠፋ እጄ ምን ይዞ ይቆያል? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ቢፈርምም ቢተወውም ብዙ የሚጎዳ አይመስለኝም። መልስ የሌለው ግን ቢቀመጥም የማታ ትምህርቱ ብቻውን አያድነውም፤ ቢሄድም እጥፉ ደመወዝ አያድነውም።

ጓደኛዬ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ። እስከ በሩ ስሸኘው «ሁለተኛው ጥያቄ ከበደኝ» አለኝ። «በድርጅቱ ውስጥ የእኔ ክሬመር ማን እንደ ሆነ አላውቅም። ደመወዙን እንጂ ከማን ጋራ እንደምሠራ አልጠየቅሁም።»

«እንግዲያውስ ነገ ሄደህ ጠይቅ» አልሁት።

ከትናንት በስቲያ መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር። ጠይቋል። የሚያሠራው ሰው በዚያ ሙያ ሃያ ዓመት የቆየ መሆኑን ነገሩት፤ እርሱም የማታ ትምህርቱን ሁለቱን ዓመት በደብዳቤ ትምህርት መቀጠል ይችል እንደ ሆነ ትምህርት ቤቱን አመልክቷል። መልሱ ገና አልመጣም፤ ውሉም ገና አልተፈረመም። ወረቀቱ ግን ከደረት ኪሱ ወጥቶ ቤቱ በጠረጴዛው ላይ ከመጻሕፍቱ አጠገብ መቀመጡን ነገረኝ። ይህ ለእኔ ጥሩ ምልክት መሰለኝ።